ጉራቻን ያነሳሁ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ለቡ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ ጎረቤቴ ከገበያ ስትመለስ የአቼቶ ጠርሙስ ከዘንቢሏ አምልጦ ደረጃው ላይ ተሰበረ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያመመኝ መስሏት "እማማ አስቴር፣ ወንበር ላምጣልዎት?" አለችኝ። "ተይኝ እስቲ፣ ትንሽ ላሽትት" አልኳት። ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ለእሷ አቼቶ የሰላጣ ነው። ለእኔ ግን የወጣትነቴ ሽታ ነው። በዚያ ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ኬሚካል ከገበያ ሲጠፋ፣ ፎቶው ከሚገባው በላይ እንዳይጠቁር አቼቶ በውሃ በርዘን ነበር የምንነክረው። ጣቴ፣ ሹራቤ፣ ፀጉሬ ሳይቀር አቼቶ አቼቶ ይል ነበር። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ይቺ ልጅ ሰላጣ ውስጥ ነው እንዴ የምታድረው እያለ ይሆናል። እኔ ግን አላፍርበትም ነበር። ዛሬም አላፍርበትም።

ፎቶ ቤቱ ንፋስ ስልክ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ነበር። በቀኙ ልብስ ሰፊ፣ በግራው ካሴት የሚቀዳ ሙዚቃ ቤት ስለነበረ ቀኑን ሙሉ የምንሠራው በዘፈንና በስፌት መኪና ታጅበን ነው። አዲስ ካሴት በወጣ ሰሞን ያንኑ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግሙት ግጥሙን ሳንወድ በግዳችን እንሸመድደው ነበር። ዳቦ በአሥር ሳንቲም የሚገዛበት፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ከስሙኒ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ደመወዝ በወጣ ቅዳሜ የፋብሪካ ልጆች ይመጣሉ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ተተኩሰው፣ ታኮ ጫማ ከጓደኛ ተውሰው፤ ወንዶቹ እግሩ ሰፊ ሱሪና ኮሌታው ትከሻ ላይ የተዘረጋ ሸሚዝ ለብሰው፣ ማበጠሪያ ከኋላ ኪሳቸው ሰክተው። መጋረጃችን ላይ ፏፏቴና ዘንባባ ተስሎበታል። ከፏፏቴው ፊት ለፊት ደግሞ መስመር የሌለው ስልክ ነበረን። ግማሹ ደንበኛ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ እግዜር ይወቀው፣ ፈገግ ብሎ ይነሳል። ዛሬ ያ ቦታ የመስታወት ሕንጻ ሆኗል፤ ታች ባንክ፣ ላይ የጥርስ ሐኪም። ባለፍኩ ቁጥር ጨለማ ክፍላችን የት ጋ እንደነበረ በዐይኔ እለካለሁ። በእኔ ግምት አሁን ሊፍቱ የሚወጣና የሚወርድበት ጋ ነው።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከረባታቸውን ሳያስሩ ደጅ የማይወጡ ሰው ነበሩ። እኔን የቀጠሩኝ ለጨለማ ክፍሉ ነው። ፊልም አጥባለሁ፣ ፎቶ አትማለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ጠርዙን እቆርጣለሁ፣ የሙሽራ ፊት ላይ ያለ ጠባሳ በቀጭን ብሩሽ አጠፋለሁ። ካሜራ ግን አልነካም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ "ሴት ካሜራ ይዛ ሲያይ ደንበኛ እምነት አይጥልባትም" ይሉ ነበር፤ ያኔ ደግሞ እውነታቸውን ነው። እኔም ሌላ ሰው ያየውን ነገር ጨለማ ውስጥ ቆሜ እያወጣሁ ዓመታት አሳለፍኩ።

ካሜራዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ስቱዲዮው መሐል በሦስት እግሩ የቆመ፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ የእንጨት ካሜራ ነው፤ ተነሺው ትንፋሹን ይዞ ካልቆመለት ፊቱን ጭጋግ ያደርገዋል። ሁለተኛው ለሰርግና ለምርቃት የሚወጣው የሩሲያ ካሜራ ነው፤ ክብደቱ የድንጋይ፣ ጉልበቱ የበቅሎ። ሦስተኛው የጀርመን ባለሁለት ዐይን ነበር፤ ሁለት ሌንስ አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጠበት፣ ከደረት በታች ይዘውት ከላይ ጎንበስ ብለው የሚያዩበት። እሱን ጋሽ ታደሰ ከነቆዳ ማኅደሩ ከወንበራቸው ኋላ ምስማር ላይ ይሰቅሉታል። አቧራውን እንኳ ከራሳቸው በቀር ማንም አያራግፈውም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ እማማ ጫልቱ ገመድ ይዘው ገቡ። በገመዱ ጫፍ ውሻ ነበር፤ ውሻው ግን አልገባም። ደጃፉ ላይ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ።

እማማ ጫልቱን በልጃቸው በለማ ነበር የማውቃቸው። ለማ ከላፍቶ ወተት እያመጣ ለሰፈሩ የሚያድል፣ ኮንጎ ጫማ የሚያደርግ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ከእሱ ፊት ፊት ሁልጊዜ ይሄ ጥቁር ውሻ ይመጣል፤ ውሻው ከታየ ወተቱ ደረሰ ማለት ነው። ስሙ ጉራቻ ነው፤ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው። ለማ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከተላከ ወዲህ ግን ወተቱም ውሻውም ቀርተው ነበር።

"ልጄ ደብዳቤ ጻፈ" አሉ እማማ ጫልቱ። አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል አስቀምጦ የሚያልፍ ነው። "ደህና ነኝ ይላል። ለበሬዎቹ ሰላም በሉልኝ ይላል። ለእኔም ሰላም ብሏል፣ መጨረሻ ላይ። ፎቶ ላኩልኝ ያለው ግን የጉራቻን ነው።"

"የእርስዎን አልጠየቀም?" አልኳቸው።

"እኔን ያውቀኛል። እናት አትለወጥም።" ከዚያ ውሻው እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይሄ እሱ ከሄደ ወዲህ እህል እንደ ሰው አይበላም። ወተት ስሰጠው አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ መንገዱ ዳር ነው የሚቀመጠው። ልጄ ጉራቻ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው ብዬ አጻፍኩ። አሁን አሳዩኝ አለ።"

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እናቴ፣ ሙሽራ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ውሻ ላስቀምጥ? ነገ ሰው ምን ይለኛል?"

"ወንበር አልጠየቅኩም። መሬት ይበቃዋል።"

"እሱም ቢሆን ይሄ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር አያነሳም። ሰው እንኳ ካስነጠሰ ፎቶው ይበላሻል። ውሻ ዝም በል ቢሉት ይሰማል?"

እማማ ጫልቱ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ገመዱን ሁለት እጃቸው ላይ ጠምጥመው ለመውጣት ዞሩ። ያን ጊዜ ከአፌ ምን እንደወጣ የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። "ጋሼ፣ እኔ እቤታቸው ሄጄ ላንሳላቸው?"

"በምን?"

"በሩሲያው። ከእሁዱ ሰርግ የተረፈ ጥቂት ፊልም ውስጡ አለ።"

ጋሽ ታደሰ እኔን አዩ፣ ውሻውን አዩ፣ እማማ ጫልቱን አዩ። የዘማች እናት ባዶ እጇን ስትመለስ ማየት ለማንም ደስ የሚል ነገር አልነበረም። "ሂጂ" አሉኝ። "ካሜራው ከተሰበረ ግን አንቺም እዚያው ላፍቶ ቅሪ።"

ያኔ ላፍቶ ከተማ አልነበረም። እስከ ጎፋ በውይይት ታክሲ፣ ጉልበት ለጉልበት ከማላውቀው ሰው ጋር ተፋጥጬ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። የስንዴ ማሳ፣ የሽምብራ ማሳ፣ ጨፌ፣ ባሕር ዛፍ፣ ራቅ ራቅ ብለው የተሠሩ የሣር ቤቶች። አሁን ሚኒባሱ "ላፍቶ፣ ላፍቶ" እያለ በሚጣራበት፣ የሞባይል ሱቅና የቤት ዕቃ መሸጫ በተደረደረበት መንገድ ላይ ያን ቀን ያገኘሁት የሚያርስ ሰው ብቻ ነው። ሰላም ብሎኝ "ምን አንጠልጥለሽ ነው?" ቢለኝ "ካሜራ" አልኩት። "የመንግሥት ነው?" አለኝ። "የራሴ ነው" አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ግን ቃሉ አፌ ላይ ጣመኝ።

ጉራቻ እንደተባለው መንገዱ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ቆሜ አየሁት፣ ካሜራዬን ከፍ አደረግኩ። "ና" አልኩት። "ቁጭ በል" አልኩት። ውሻው ዞር ብሎም አላየኝ። እማማ ጫልቱ ከበር ላይ ሆነው "አማርኛ አያውቅም ልጄ" አሉኝ። "ኮቱ" ብለው ሲጠሩት መጣ፤ "ታኢ" ሲሉት ተቀመጠ። ደስ ብሎኝ አነጣጥሬ ስጫን የሩሲያው ካሜራ እንደ በር ጓ አለ። ጉራቻ ጎተራው ሥር ገባ። ለምነው ሲያወጡት ደግሞ ጥላ ስለነበረ ፍላሹን አበራሁት፤ አሁን ጓሮውን ዞሮ ጠፋ። ቆሜ፣ ሮጬ፣ ተንበርክኬ ፊልሙን ጨረስኩ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ሳወጣው ያገኘሁት ይሄ ነው፦ አንድ ጭራ፣ አንድ የእማማ ጫልቱ እጅ፣ የቀረው ሁሉ ቅርጽ የሌለው ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወረቀቱ ላይ ቀለም የተደፋ የሚመስል። ለጋሽ ታደሰ ሳሳያቸው የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም። አንድ በአንድ መስኮቱ ጋ ይዘው አዩና አንዷን ለይተው አወጡ። "ይቺ ጆሮ ጥሩ ናት" አሉ። በእርግጥም ከጥግ የተቆረጠች አንዲት ጆሮ ፀጉሯ ሳይቀር ቁልጭ ብላ ወጥታ ነበር።

"ምን ጎደለሽ?" አሉኝ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስበው ነበርና መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። "ካሜራው ይጮኻል፣ ውሻው ይደነግጣል። ደግሞ እኔ ቆሜ እሱ ከታች ሆኖ ፊቱ አይታየኝም፤ ጀርባውን ነው ያነሳሁት። መሬት ላይ ተቀምጬ ከእሱ ዐይን እኩል ሆኜ የማይበት፣ ስጫነው የማይጮኽ ካሜራ ነው የሚያስፈልገኝ።"

ጋሽ ታደሰ የትኛውን ካሜራ እንደምል ሳልናገር ገብቷቸዋል። እኔም ምስማሩን ላለማየት ወለሉን አየሁ። ሙዚቃ ቤቱ አንድ ዘፈን ጨርሶ ሌላ ጀመረ። "ይሄን ካሜራ ሚስቴም ነክታው አታውቅም" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ተነስተው ከምስማሩ አወረዱትና ማሰሪያውን አንገቴ ላይ ራሳቸው አጠለቁት። ክብደቱ ደረቴ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝን ነገር፣ በኋላ ሙሽራ ስሆን ካጠለቁልኝ ወርቅ ጋር ሳስተያየው እንኳ ወርቁ ይቀላል።

ያን ከሰዓት በኋላ ሥራ ትተው አስተማሩኝ። ከላይ በመስታወቱ ሲታይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው፤ ውሻው ወደ ግራ ሲሄድ ካሜራውን ወደ ቀኝ ማዞር ያምርሻል፣ እንዳትሞኚ አሉኝ። ከሁለት ክንድ በታች ከቀረበሽ ይደበዝዛል አሉኝ። ጥቁር ነገር ብርሃን ይበላል፣ ሌንሱን ለሰው ከምትከፍችው አንድ ቁጥር ጨምረሽ ክፈቺለት፤ ፀሐይ ከጎን ትሁን፣ ከኋላው ነጣ ያለ ነገር ፈልጊ፤ የምታነጣጥሪው ዐይኑ ላይ ነው፣ ዐይኑ ከጠራ ሌላው ቢደበዝዝ ማንም አይጠይቅሽም። ዛሬ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው በአንድ ጣት የሚጨርሱትን ነገር እኔ እንደ ዳዊት ደግሜ ተማርኩት። አልቆጭም። የደገሙት ነገር አይጠፋም።

በማግሥቱ በማለዳ ላፍቶ ደረስኩ። እማማ ጫልቱ ጉራቻን አጥበው ጠበቁኝ፤ አጥበው ብቻ አይደለም፣ ቅቤ ቀብተውታል። "ከስቷል ብዬ ነው" አሉ እያፈሩ፣ "ቅቤ የቀባ ሰው ደልቶት ይመስላል።" ልስቅ ነበር፤ ፀሐይዋ ከጎኑ ስታርፍበት ግን ሳቄ ተወኝ። ትናንት ቀለም ብቻ የነበረው ጀርባ አሁን መስመር መስመር እያወጣ ያብረቀርቅ ነበር፤ ትከሻው የት እንዳለ፣ አንገቱ የት እንደሚጀምር ይለያል። ለጥቁር ውሻ ከዚያ የተሻለ መብራት በኋላም አላገኘሁም።

የጭድ ክምሩ ከኋላው እንዲሆን አድርጌ መሬት ላይ፣ ጤዛው ላይ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ካሜራውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ጉራቻ ለረጅም ጊዜ ከሩቅ አየኝ። ከዚያ መጣና እጄን አሸተተ፤ አቼቶው አስነጠሰው። ሌንሱን በአፍንጫው ነካ፣ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት። ተጫንኩ። ድምፁ የጥፍር ያህል ነው፤ ጆሮውን እንኳ አልቀሰረም። ሁለተኛ ተጫንኩ፣ ሦስተኛ። አሁን ፊቱ ይታየኛል። ችግሩም ያ ነበር። የማየው ፊት ያዘነ ፊት ነው። አገጩን እግሮቹ ላይ አስተኝቶ፣ ጆሮው ወድቆ፣ ዐይኑ መንገዱ ላይ።

እማማ ጫልቱ ከኋላዬ መጥተው በካሜራው መስታወት ላይ አብረውኝ አጎንብሰው አዩ። "እንዲህ ሆኖ አይላክም" አሉ። "ልጄ እዚያ ነው ያለው። ይሄን አይቶ እንዴት ያድራል?"

ቅቤ ጀርባን ያሳምራል እንጂ ዐይንን አያሳምርም። እማማ ጫልቱ ቀና ብለው መንገዱን አዩ። ከዚያ በሬ እንደሚጠራ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ጉራቻ፣ ለማ ዱፌ" አሉ። ለማ መጣ ማለታቸው ነው።

ጉራቻ ተነሳ። ሲነሳ አላየሁትም፤ ተነስቶ ነው ያየሁት። ደረቱ ወጣ፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ ቆሙ፣ አንድ እግሩን ከመሬት አንስቶ አንገቱን ወደ መንገዱ አዞረ። የፀሐይዋ ነጥብ ዐይኑ ውስጥ ገባች። ዳዊቱን ሁሉ ረሳሁት፤ እጄ ግን አልረሳም። ተጫንኩ።

ከዚያ ሮጠ። እስከ መንገዱ ሮጦ ወዲህም ወዲያም አየ፤ እንደገና ወዲህ አየ። ማንም አልነበረም። ቀስ ብሎ በቦታው ተቀመጠ። እማማ ጫልቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ውሻ ዋሸሁ" አሉ። "ሁለተኛ አላደርገውም።" ወደ ቤት ገብተው ወተት በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወጡና፣ ሳይጠሩት፣ ራሳቸው እስከ መንገዱ ሄደው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤት ሆነው ና ብላ ይሉት ነበር እንጂ እሱ ያለበት ሄደው አብረውት አልጠበቁም ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጉራቻ አንገቱን ወደ ሳህኑ አዘነበለ፤ ወተቱን ሲልስ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። ያንን አላነሳሁትም። ፊልም አልቆብኝ አይደለም። የእነሱ ነበር።

ሁለት ፎቶ አተምኩ። አንዱን እማማ ጫልቱ ለለማ አስላኩት። ለራሳቸውም ላትምላቸው ብል "እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ውሻው እቤቴ አለ" አሉኝ። ሁለተኛውን ጋሽ ታደሰ መስኮቱ ላይ፣ ከሙሽሮቹ መሐል ሰቀሉት። ሰው ውሻ ከሙሽራ ጎን አይቶ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ሰው ቆሞ ያይ ጀመር። ከሥራ የሚወጡ የፋብሪካ ልጆች ጉራቻን ያላወቁት እንኳ "ማንን ነው የሚያየው?" እያሉ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ካኪ ለብሶ፣ እጁን ኋላው አጣምሮ ለረጅም ጊዜ ከመስኮቱ ፊት ቆመ። ጋሽ ታደሰ ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሊቀመንበሩ ገባና "ይሄ ውሻ የማን ነው?" አለ። እኔ ከጨለማ ክፍሉ ብቅ ብዬ "የዘማች ነው። ከግንባር ሆኖ ፎቶውን ላኩልኝ ብሎ ነው" አልኩ። አሰበ። "እንግዲያው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት" ብሎ ወጣ።

ከፍ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ ነው የውሻ ባለቤት የጎረፈው። የፋብሪካ ዘበኛ ሜሪ የምትባል ቡችላውን በካፖርቱ ውስጥ ይዞ መጣ። ከመካኒሳ አንዲት ወይዘሮ፣ ፀጉሩ ዐይኑን የሸፈነ ትንሽ ነጭ ውሻቸውን ሹራብ አልብሰው አስጠሩኝ። የመኪና ጋራዥ ያለው ሰውዬ፣ ከሰው በቀር የማይፈራውን ተኩላ መሳይ ውሻውን አመጣልኝ። እኔም በየጊዜው ተማርኩ፤ ለፈሪው ባለሁለት ዐይኑን፣ ለሚሮጠው የሩሲያውን ከረጅም ሌንስ ጋር፣ ለነጩ ውሻ ደግሞ በጥቁሩ የጨመርኩትን አንድ ቁጥር መልሼ መቀነስ። የእንጨቱን ካሜራ ለውሻ ሞክሬው አላውቅም፤ እሱ ለሙሽራ ነው። "የውሻ ፎቶ አንሺዋ" ይሉኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ለሹፈት፣ በኋላ ለአድራሻ። "የት ነው የምትሠሪው?" ሲሉኝ ስናገር ጊዜ አላባክንም ነበር፤ ከንፋስ ስልክ እስከ ፉሪ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ካሜራ ይዛ የምትመጣ ሴት ላይ እምነት የማይጥል ደንበኛ አንድም አልገጠመኝም። ውሻው ካመነ ባለቤቱም ያምናል። ሰርግም ብቻዬን መውጣት የጀመርኩት በእነዚያ ውሾች ነው።

መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሁሉ በእግሩ በሚመለስበት ሰሞን፣ አንድ የከሳ፣ ጢሙን ያልተላጨ ሰው ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። "እትዬ አስቴር፣ ወተት አላመጣሁም" አለኝ። ለማ ነበር። አቅፌው አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ ወንበር ስሰጠው ግን የሙሽራው ወንበር ላይ በድካም ተደፋበት።

እናቱ ደህና ናቸው። ጉራቻ ግን ሞቷል። ባለፈው ክረምት፣ አርጅቶ፣ እዚያው መንገዱ ዳር። ለማ ቤት ሲደርስ እማማ ጫልቱ መጀመሪያ የነገሩት ያንን ነው፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው።

"ፎቶው አለህ አይደል?" አልኩት።

"ሰጠሁት" አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ሌላው ወታደር የእናቱን፣ የእጮኛውን ፎቶ ሲያወጣ እሱ የውሻውን ያወጣ ነበር፤ መጀመሪያ ይስቁበታል፣ በኋላ ማታ ማታ "እስቲ ያንን ውሻ አሳየን" ይሉታል። መጨረሻ ላይ ተማረከ። ኪሱን ሲፈትሹ ከያዟቸው ሰዎች አንዱ፣ እንደ እሱ ያለ ወጣት፣ ፎቶውን አገኘውና ከመመለሱ በፊት ብዙ ጊዜ አየው። "ስሙ ማን ነው?" አለው። ነገረው። ልጁም ገና ትንሽ ሳለ ቤቱ ውሻ ትቶ እንደወጣ፣ ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር እንደማያውቅ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ውሃ ሲያድል ልጁ ለማ ጋ ሳይደርስ አያልፍም ነበር። ሊለቀቁ ሲሉ ለማ ፎቶውን አውጥቶ ሰጠው።

"ለምን?" አልኩት። መቆጣቴ ሳይሆን ማወቅ ፈልጌ ነው።

"ውሻው እኮ የኔ ነው። ቤት ስደርስ አየዋለሁ ብዬ ነዋ። ያ ልጅ ግን የሚደርስበት ቤት መኖሩን እንኳ አያውቅም።"

መስኮቱ ላይ የነበረው ፎቶ ፀሐይ በልቶት፣ ቡናማ ሆኖ ካወረድነው ቆይቷል። ለማ መውረዱን አላወቀም፤ እናቱ ነግረውት ይሆናል፣ መስኮቱን ደጋግሞ አየ። እኔ ግን ፊልሙ የት እንዳለ አውቃለሁ። ጋሽ ታደሰ አንድም ፊልም አይጥሉም ነበር። "ና" ብዬ ወደ ጨለማ ክፍሉ አስገባሁት። ቀዩን መብራት አበራሁ፣ በፊልሙ በኩል ብርሃን ያሳረፍኩበትን ነጭ ወረቀት የኬሚካሉ ሳህን ውስጥ አስገብቼ ቀስ ብዬ ወዘወዝኩት። ሥራውን የማያውቅ ሰው ፎቶ አንድ ጊዜ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚወጣው ጥቁሩ ነው። ጭዱ ገና ሳይታይ፣ መንገዱም ሰማዩም ገና ነጭ ወረቀት ሳሉ፣ ጉራቻ ብቻውን መጣ፤ ጀርባው፣ ደረቱ፣ ከዚያ ሁለቱ ጆሮዎቹ። ለማ ሳህኑ ላይ አጎንብሶ ትንፋሹን ያዘ። "ማንን እያየ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ። "አንተን" አልኩት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

"ሁለት አድርጊልኝ" አለ ሲረጋጋ። "አንዱ ለእናቴ ነው። አሁን ትፈልገዋለች።"

ሁለት አድርጌ አድርቄ ወጣሁ። ከፎቶ ቤታችን የሚወጣ ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ የጋሽ ታደሰ ማኅተም ይመታበታል፤ እኔም እንደ ልማዴ ማኅተሙን አነሳሁ። ጋሽ ታደሰ ያኔ ዐይናቸው ደክሟል፣ ቀኑን ሙሉ ወንበራቸው ላይ ነው የሚውሉት። እጃቸውን ዘርግተው ማኅተሙን ከእጄ ወሰዱና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

"ልጄ፣ ይሄን ማን እንዳነሳው ታውቃለህ?" አሉ ወደ ለማ ዞረው። "እኔ አይደለሁም። እሷ ናት። ጤዛ ላይ ተቀምጣ ነው ያነሳችው።" ከዚያ ከኮት ኪሳቸው እስክሪብቷቸውን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። "ስምሽን ጻፊበት።"

ሁለቱንም ፎቶ ገለበጥኩ። ሳልቸኩል፣ ሩቅ ያለ ሰውም እንዲያነበው አድርጌ፣ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት።